ስኳር በሽታ፣ ዘር እና ድባቴ፦ የአካል እንቅስቃሴ ምን ይለውጣል?

«ስኳር በዘራችን አለ» የሚለው አባባል ከፊሉ እውነት ነው። ከወላጆቹ አንዱ ዓይነት 2 የስኳር በሽታ ያለበት ሰው በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ከፍ ይላል፤ ሁለቱም ታማሚ ከሆኑ ደግሞ ይብሳል። በ2006 (እ.ኤ.አ.) የአይስላንድ ተመራማሪዎች ከበሽታው ጋር በጥብቅ የተያያዘ ቲሲኤፍ7ኤል2 የተባለ ዘረመል አግኝተዋል። ጉዳቱ በተለይ ቆሽት ኢንሱሊን በሚያመነጭበት ሥራ ላይ ነው።

የሚወረሰው ግን ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። በአሜሪካ ለበሽታው በተቃረቡ ሰዎች ላይ ተካሂዶ በ2002 ውጤቱ የታተመ ትልቅ ጥናት ነበር። በሳምንት 150 ደቂቃ እየተንቀሳቀሱ ክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስ የጣሩት ሰዎች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተሰጣቸው ግን በ31 በመቶ ነው። ኋላ የተሳታፊዎቹ ዘረመል ሲመረመር፣ አደገኛውን ዓይነት የተሸከሙትም ከአኗኗር ለውጡ መጠቀማቸው ታየ።

ብዙም የማይወራው ድባቴ ነው። በስኳር ሕሙማን ላይ ከሌላው ሰው ወደ ሁለት እጥፍ ይታያል። ድባቴም የዘር ድርሻ አለው፤ በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከአንድ ሦስተኛ በላይ ያደርሱታል። ሁለቱ በሽታዎች ይመጋገባሉ፦ የየዕለቱ መርፌ፣ የምግብ ቁጥጥርና የዓይን ወይም የኩላሊት ጉዳት ፍርሃት መንፈስን ያደክማል። መንፈሱ የደከመ ሰው ደግሞ መድኃኒቱን ይዘላል፤ ስኳሩም ይወጣል። ችግሩ ድካም፣ የእንቅልፍ መዛባትና የምግብ ፍላጎት መለወጥ በሁለቱም ላይ መኖራቸው ነው። ስለዚህ ቤተሰብ «ስኳሩ ጨምሮበት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚወዱትን ነገር መጥላት፣ ተስፋ መቁረጥና ራስን መውቀስ ከታየ ግን ለሐኪም በግልጽ መናገር ይገባል።

እንቅስቃሴ ሁለቱንም ይነካል። የሚሠራ ጡንቻ ብዙ ኢንሱሊን ሳይጠይቅ ስኳርን ከደም ይወስዳል፤ ውጤቱም አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ይቆያል። በተከታታይ ከሁለት ቀን በላይ ሳይንቀሳቀሱ አትቆዩ የሚባለው ለዚህ ነው። የድባቴ ምልክቶችንም ያቀልላል። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይበቃል፤ ጂም ቤት ግዴታ አይደለም።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚወስዱ ሰዎች ከመንቀሳቀሳቸው በፊት ስኳራቸውን ይለኩ፤ ከረሜላም ይያዙ። ከ70 በታች ከወረደ አደጋ ነው። እግራቸው የደነዘዘ ሰዎች ጫማቸውን ከውስጥ ይፈትሹ። ከባድ ድባቴ በእግር ጉዞ ብቻ አይድንም፤ የምክር አገልግሎትና መድኃኒት ያስፈልገዋል። ራሱን ስለማጥፋት የሚያወራ ሰው ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይወሰድ፤ ብቻውንም አይተው።