እንደ ትዕዛዙ የተሠራ አበባ

የእማማ ፋጡማ ጥጃ የሞተችው በእኔ ምክንያት ነው። መጀመሪያ ይህን ልናገርና ልገላገል፤ የሚቀጥለው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

እናቴ የምትኖረው ሐረር ነው፤ ከጁገል ግንብ ውጭ፣ ከተማው አልቆ ገጠሩ በሚጀምርበት በኩል። ቤቷ ፊት ለፊት ትንሽ የአበባ ቦታ አለቻት። ጽጌረዳ፣ ቡጋንቪላ፣ በቆርቆሮ የተተከሉ ሁለት ሦስት ዓይነት አበቦች፣ ጥግ ላይ አንድ ሎሚ። አጥሩን ተከትሎ ደግሞ የወፍ ቆሎ። የምሥራቅ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፦ ጥቃቅን አበቦቹ ተጠጋግተው እንደ አዝራር ክብ ይሆናሉ፣ መሃሉ ቢጫ ዳሩ ሮዝ ነው፣ ቅጠሉ ሲታሽ ይሸታል፣ ፍሬው በስሎ ሲጠቁር ወፎች ይለቅሙታል። እኔ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ ከጓደኛዋ አንድ ቅርንጫፍ ለምና አምጥታ ተከለችው።

ጥር ላይ ላፕቶፔን ይዤ ለሁለት ወር ሄድኩ። ሥራዬ ኮድ መጻፍ ስለሆነ ኢንተርኔት ካለ የትም መሆን እችላለሁ። ስደርስ የወፍ ቆሎው ከአጥሩ ወርዶ የአበባ ቦታዋን ግማሽ ይዟል። ጽጌረዳዎቹ ሥሩ ገብተው ጠፍተዋል። «ልጄ፣ እኔ አልቻልኩትም» አለችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ገጀራ ይዤ ወጣሁና እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ጨፈጨፍኩት። ቅርንጫፉን በሙሉ በአጥሩ ላይ ወደ ውጭ ወረወርኩት። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ፎቶም አንስቼ ለጓደኞቼ ልኬያለሁ።

ወቅቱ በጋ ነው፤ ደጁ ላይ አረንጓዴ የሚባል ነገር የለም፣ እኔ ከጣልኩት ክምር በስተቀር። የእማማ ፋጡማ ጥጃ ገና ለግጦሽ አዲስ ናት። በሦስተኛው ቀን መጥባት ተወች። ከዚያ ዓይኗ ቢጫ ሆነ፣ አፍንጫዋ ላይ ያለው ቆዳ በእሳት እንደተለበለበ ተሰነጣጠቀ፣ ፀሐይ ሲነካት ትሸሻለች። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ ያያት ጥቂት ነው። «ምን በላች?» ብሎ ጠየቀና መልስ ሳይጠብቅ ዞር ብሎ የእኔን ክምር አየ። በስምንተኛው ቀን ሞተች።

ለማያውቅ ሰው፦ የሐበሻ ላም ጥጃዋ ጡቷን ካልነካካች ወተቷን በቀላሉ አታወርድም። እማማ ፋጡማ ለአራት ቤት ወተት ታቀርብ ነበር፤ አንዱ የእኛ ቤት ነው። የጥጃዋን ዋጋ ከፈልኩ። የቀረውን ወተት ግን በምን እከፍላለሁ? «አቦ ተወው፣ የአላህ ሥራ ነው» አለችኝ። የአላህ ሥራ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

እኛ ፕሮግራመሮች አንድ ነገር ሲበላሽ የምንጠቀምበት ትዕዛዝ አለ፤ ስሙ «ብሌም» ነው። እያንዳንዱን የኮድ መስመር ማን፣ መቼ እንደጻፈው ያሳያል። የተሰበረውን ለመጠገን መጀመሪያ ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ ማወቅ አለብህ። ማታ ማታ የወፍ ቆሎን ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት በዚህ ልማድ ነው፤ ጸጸቱም እንቅልፍ አልሰጠኝም።

የሳይንስ ስሙ ላንታና ካማራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1753 ስሙን በመጽሐፉ ያሰፈረው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ተክሉ የአሜሪካ አህጉር ሞቃት አገሮች ተወላጅ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የደች መርከቦች ከብራዚል ወደ ኔዘርላንድ ወሰዱት። አውሮፓ ውስጥ ብርዱን ስለማይችል ሀብታሞች በመስታወት ቤት ያሳድጉት ጀመር። ዋናው ታሪክ የተሠራው እዚያ የመስታወት ቤት ውስጥ ነው።

የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን አትክልተኞች የተለያዩ የላንታና ዝርያዎችን እርስ በርስ ያዳቅሉ ነበር። በእኛ ሙያ ደንበኛው የሚፈልገውን የምንጽፍበት ሰነድ አለ። የዚያን ዘመን ደንበኛ ሰነድ ብንጽፈው እንዲህ ይሆን ነበር፦ ዓመቱን ሙሉ ያብብ። ቀለሙ ይብዛ። ውኃ ቢረሳ አይሙት። ከቅርንጫፍ ቆርጠው ሲተክሉት ይያዝ። ሲከረክሙት ጠንክሮ ይውጣ። ከብት አጥሩን አይብላው። አትክልተኞቹ ሁሉንም አሟሉ፤ ከ600 በላይ ስም ያላቸው ዓይነቶች ወጡ። እናቴ ከጓደኛዋ ቅርንጫፉን የለመነችው በእነዚሁ ምክንያቶች ነው። እኔ በገጀራ ያልቻልኩት፣ ጥጃዋም የሞተችው በእነዚሁ ምክንያቶች ነው። ባግ የለበትም፤ ሁሉም ትዕዛዙ ላይ ያለ ነገር ነው።

ሮጀር ሳንደርስ የተባለ አሜሪካዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በ2006 በዓለም ላይ የሚያስቸግረው ላንታና ከዱሩ የተለየ ድቅል ነው ብሎ የራሱን ስም ሰጥቶታል። ሳነበው ትንሽ ቆም አልኩ። እኛ አገር ይህን ዓይነት ተክል «መጤ ወራሪ አረም» እንለዋለን። «መጤ» የሚለውን ቃል ድሮም አልወደውም፤ ምን ላይ እንደዋለ ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ ላይ ደግሞ ጭራሽ ልክ አይደለም። ይኼ ተክል በራሱ እግር የመጣበት ቦታ የለም። ተሠርቶ፣ ተጠቅልሎ፣ በክብር ተልኮ ነው የገባው።

ወደ ሕንድ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት በካልካታው የእንግሊዞች የዕፅዋት ማዕከል በኩል፣ ለጌጥ ነው። ዛሬ ሕንድ ውስጥ ታይገር ከሚኖርበት መሬት ከ40 በመቶ በላይ በሚሆነው ላይ ይገኛል። አውስትራሊያም ለጓሮ አበባ ብላ ወሰደችው፤ አሁን ከ4 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይዞባታል።

የእኔን ታሪክ የሚመስለው ግን የሐዋይ ነው። ዊልያም ሂልብራንድ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ሆኖሉሉ ውስጥ ይኖር ነበር። አበባ ወዳድ፣ የተማረ፣ ለደሴቶቹ በጎ የሚያስብ ሰው ነው፤ የአትክልት ቦታው ዛሬም የሕዝብ መናፈሻ ሆኖ አለ። በ1858 ላንታናን አመጣ። ከሰባት ዓመት በኋላ በ1865 ደግሞ ተምች አስቸግሮ ስለነበር ተምቹን እንዲበላ ከሕንድ ማይና የሚባል ወፍ አስመጣ። ማይናው ተምቹን በላ። የላንታናውንም ፍሬ በላ። ከቻይና ከመጣው ዋኔ ጋር ሆነው ዘሩን ከጓሮ ወደ ከብት ማሰማሪያው፣ ከማሰማሪያው ወደ ተራራው አዳረሱት። አንድ ሰው ተክሉንም አመጣ፣ የሚዘራለትንም አመጣ፤ ሁለቱንም ለበጎ ብሎ። እኔ ቅርንጫፎቹን በአጥር ላይ ስወረውር ግቢውን እያጸዳሁ ነበር።

ከብት አርቢዎቹ ሲጮኹ መንግሥት አልበርት ኮበለን ላከ። ኮበለ ስመ ጥር ሰው ነበር፤ በ1888 ከአውስትራሊያ ያመጣት ትንሽ ጥንዚዛ የካሊፎርኒያን ብርቱካን ከጥፋት አድናለች። በ1902 ወደ ሜክሲኮ ሄዶ የዱር ላንታናን የሚበሉ 23 ዓይነት ነፍሳት ሰብስቦ ወደ ሆኖሉሉ ላከ። አረምን ለማጥፋት ጠላቱን ከትውልድ አገሩ ድረስ ሄዶ ከፈለጉት ከመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ሙከራዎች አንዱ ነው። በደረቁ ቦታዎች ጥሩ ሠርቷል። ዝናብ በሚበዛበት ግን አልቻለውም። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ወደ 40 የሚጠጉ ነፍሳትና ሻጋታዎች ተሞክረዋል፤ ሙሉ በሙሉ ያሸነፈ የለም። አንዱ ምክንያት ያው የመስታወት ቤቱ ነው፦ ነፍሳቱ የሚያውቁት የዱሩን ተክል ነው፣ የቀረበላቸው ደግሞ ሰው የደባለቀው። አንዱን ቀለም የበላ ነፍሳ ሌላውን ላይነካ ይችላል። ኡጋንዳ ላይ በ1960ዎቹ ለላንታና የተለቀቀው ትኋን መሰል ነፍሳ ሰሊጥ ማሳ ውስጥ ተገኘ። ይኼን ስናነብ እኔና እናቴ ተያየን፤ ሰሊጥ ሲባል ሐበሻ ይደነግጣል።

በመጨረሻ የረዳኝ ከሕንድ የመጣ ነገር ነው። ሲ. አር. ባቡ የተባሉ የዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰርና ባልደረቦቻቸው ተክሉ ከየት እንደሚያቆጠቁጥ በደንብ አጠኑ። የሚያቆጠቁጠው ግንዱና ሥሩ ከሚገናኙበት ቦታ ነው። ስለዚህ ከላይ መጨፍጨፍ ማለት መከርከም ማለት ነው፤ እሳትም እንደዚያው። የእነሱ ዘዴ ዋናውን ሥር ከአፈሩ ወለል ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ መቁረጥ፣ ከዚያ ቁጥቋጦውን ነቅሎ ጉቶውን ወደ ሰማይ ገልብጦ ማድረቅ ነው። ኬሚካል የለም፣ ማሽን የለም። እዚያው ሕንድ ውስጥ የጫካ ማኅበረሰቦች ከግንዱ የቤት ዕቃ ይሠራሉ፤ ከላንታና እንጨት የሠሯቸው በቁመት ትክክለኛ የሆኑ ዝሆኖች በ2021 ለንደን መናፈሻዎች ውስጥ ቆመው ነበር። እኔ ዝሆን አልሠራሁም።

የጨፈጨፍኩት ሁሉ በወሩ መልሶ ወጥቶ ነበር፤ ከአንዱ ጉቶ አሥር ቡቃያ። በዶማ ሥሩን እየተከተልኩ፣ በማጭድ ከአፈር በታች እየቆረጥኩ፣ አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው። ገጀራው ግማሽ ቀን የፈጀበት ሥራ በዶማ አሥራ አንድ ቀን ወሰደ። በዚህ መሃል ከአለቃዬ ጋር በስልክ ስብሰባ ላይ ሆኜ ሥር የጎተትኩበት ቀን አለ። የተነቀለውን በሙሉ በግቢው ውስጥ፣ ቆርቆሮ ከልዬበት አደረቅኩት።

እናቴ በሩ አጠገብ ያለችውን አንዷን እንድተውላት ጠየቀችኝ። ሃያ ዓመት ያየቻት አበባ ናት። ያለ ማጋነን ሁለት ቀን ተከራከርን። እኔ ስለ ወፍና ስለ ዘር አስረዳኋት፤ እሷ «አንተ ስትሄድ ማን ያጫውተኛል?» አለችኝ። ለዚህ የሚሆን መልስ አላነበብኩም። የጨረሰችው እማማ ፋጡማ ናት። ቡና ልትጠጣ መጥታ በሩ ላይ ቆመችና አበባዋን አየቻት፤ ምንም አልተናገረችም፣ ገብታ ተቀመጠች። በማግስቱ ጠዋት እናቴ ራሷ ዶማውን አቀበለችኝ።

አሁን አዲስ አበባ ነኝ። እናቴ እሑድ እሑድ የአበባ ቦታዋን ፎቶ ትልክልኛለች፤ ወፎቹ ዓመታት ያራገፉት ዘር ዝናብ ባገኘ ቁጥር ይበቅላል፣ እሷ ገና ሁለት ቅጠል ሳለ በእጇ ትነቅለዋለች። ባለፈው ሳምንት አርባ ሦስት ቆጥራለች። የእማማ ፋጡማ ላም ከብዳለች፤ ጥቅምት አካባቢ ትወልዳለች ተብሏል። ጥጃዋ መጋጥ ከመጀመሯ በፊት ከአጥሩ ውጭ ያለውንም ነቅለን መጨረስ አለብን፤ ለመስከረም የአውቶቡስ ትኬት ቆርጫለሁ።