በዳንግላ አካባቢ የሚገኙ ትንንሽ የብር ሳሕኖችን ስለ መለየት

በአማርኛ «ብር» የሚለው ቃል የማዕድኑም የገንዘቡም ስም የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ብር በገበያ መክፈያ፥ በአንጥረኛ ወናፍ ፊት ደግሞ ጥሬ ዕቃ ነበረ። ስለዚህ አሮጌ የብር ሳሕን ለመለየት የሚሻ ተመራማሪ ምርመራውን ከሚዛን ቢጀምር ይበጀዋል።

ጠገራ ብር መቼም ቢመታ የተጻፈበት ዓመት 1780 እ.ኤ.አ. ነው፤ ክብደቱ 28.07 ግራም፥ ጥራቱም ከሺሕ 833 ያህል ነው። ባለ ጉዳዩ ብሩን ቆጥሮ ለአንጥረኛው ይሰጥ ስለ ነበረ፥ ማኅተም የሌለው ሳሕን 168 ግራም ገደማ ቢመዝን የስድስት ጠገራ ሥራ እንደ ሆነ ሊገመት ይቻላል፤ ግምቱ ግን በጥራት ፈተና ሊጸና ይገባዋል።

የባሕር ማዶው ዕቃ በማኅተሙ ይታወቃል። በእንግሊዝ ብር ላይ የሚራመድ አንበሳ ከሺሕ 925፥ በሩሲያ ብር ላይ 84 ቁጥር ከሺሕ 875 ጥራት ያመለክታል። «ኢ.ፒ.ኤን.ኤስ.» የሚሉ የላቲን ፊደላት ያሉበት ግን ብር የተቀባ እንጂ ብር አይደለም። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ቺዝማን የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ በዳንግላ ተቀምጦ ስለ ነበረ፥ በአካባቢው እንዲህ ያለ ዕቃ ቢገኝ አያስደንቅም።

ስለ አገልግሎቱ ደግሞ ገበታውን ማሰብ ያስፈልጋል። በአውሮፓ ማዕድ ጨው በትንሽ የብር ሳሕን ይቀርባል፤ ጨው ብርን ስለሚበላ ውስጡ በወርቅ ይቀባል፥ ወይም የመስታወት ጽዋ ይገባበታል። በእኛ አገር ግን ወጡ በአንድ መሶብ በእንጀራ ላይ ስለሚወጣ፥ ለየሰው የሚቀርብ ትንሽ ሳሕን አላስፈለገም። እንግዲያውስ የአገር አንጥረኛ የሠራው፥ ጠፍጣፋ ወለልና ቀጥ ያለ ከንፈር ያለው ክብ ሳሕን ሲገኝ አስቀድሞ ሊጠረጠር የሚገባው ኅብስተ ቍርባን የሚቀመጥበት ጻሕል መሆኑ ነው፤ መስቀል ተቀርጾበት እንደ ሆነ ጥርጣሬው ይበረታል።

ይህ ልዩነት የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጻሕል ከካህናት በቀር ሌላ ሰው የማይነካው ንዋየ ቅድሳት ነው፤ «የጣፋጭ ማቅረቢያ» ተብሎ በገበያ ቢሸጥ ግን ከመቅደሱም ከታሪኩም ይለያል። አዋጅ ቍጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ነገር ግን ስሙ የተሳሳተ ዕቃ በሕግ ዓይን ፊት ሳይታወቅ ያልፋል። ስለዚህ ሳሕኑ ከመጽዳቱ አስቀድሞ ይመዘን፥ ማኅተሙ ይፈለግ፥ የተገኘበትም ቤት ይጻፍ።