ጎማ አዘል ቦኮላ፦ ግራሶ የማይፈልገው መገጣጠሚያ

የጋራዥ ቋንቋችን እኩሌታው የጣሊያን ውርስ ነው። ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሞርሳ፣ ቶርኖ፣ ማርሚታ፣ ካቻቪቴ የምንለው ቃሉን ከእቃው ጋር አብረን ስለተቀበልን ነው። ቦኮላም ከዚያው ወገን ነው፤ ተንቀሳቃሽ ብረት ከሌላ ብረት ጋር በሚገናኝበት ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ፍትጊያውን የሚችል ቀለበት። ሲበላ ይወጣል፣ አዲስ ይገባል፣ እስኪበላ ድረስ ደግሞ ግራሶ ይሰጠዋል። ቃሉ ወደ እኛ ሲገባ እቃው ነሐስ ወይም ብረት ስለነበር ቦኮላና ግራሶ ተለያይተው አያውቁም። ዛሬ በፎገራ ሜዳ በሚርመሰመሱት ባጃጆችና አነስተኛ ሞተር ሳይክሎች ላይ ግን በዚሁ ስም ከሚጠሩት እቃዎች ብዙዎቹ በውስጣቸው ጎማ የያዙ ናቸው፤ ጎማ ደግሞ ግራሶ ይጎዳዋል። መለዋወጫ ሻጮች ይህን እቃ «ሳይለንት ብሎክ» ይሉታል፣ መካኒኩ አንዴ ቡሽ ሌላ ጊዜ ጎሚኒ ይለዋል። እዚህ «ጎማ አዘል ቦኮላ» ተብሎ ይጠራል። ለብቻው ስም የሚያስፈልገው አያያዙ ከነሐሱ ቦኮላ ተቃራኒ ስለሆነ ነው።

እቃው ሲታይ ቀላል ነው። ሁለት የብረት ቱቦዎች አሉት፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ጎማ ፋብሪካ ውስጥ በሙቀትና በኬሚካል ከሁለቱም ጋር ተጣብቋል። የሞተር ሳይክልን የኋላ ጎማ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዘውን ክንድ እንውሰድ። ውጨኛው ቱቦ በክንዱ ቀዳዳ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይገባል። ውስጠኛውን ቱቦ ረጅሙ ቡሎን አሳልፎ ከሻንሲው ጋር አጥብቆ ይይዘዋል፤ ዳዶው በትክክል ከጠበቀ ውስጠኛው ቱቦ ፈጽሞ አይዞርም። ታዲያ ክንዱ በምን ይወዛወዛል? ጎማው ይጠመዘዛል። የሰው ጆሮ ሲጠመዘዝ ሥሩ ካለበት ሳይነቃነቅ ሥጋው ዞሮ ሲለቁት እንደሚመለስ ሁሉ ጎማውም ዞሮ ይመለሳል። በዚህ መገጣጠሚያ ውስጥ በሌላው ላይ የሚንሸራተት ገጽ የለም፤ የሚንሸራተት ከሌለ ግራሶ የሚገባበት ሥራ የለም። አንድ ነገር ሲንሸራተት ከተገኘ ወይ ጎማው ከብረቱ ተላቋል፣ ወይ ዳዶው ላልቷል፤ ሁለቱም ብልሽት ነው።

ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ጎማ፣ ሱፖርቶ የሚባለው፣ የዚሁ ዘር ነው፤ ሥራው ግን ከመወዛወዝ ይልቅ ንዝረት መዋጥ ነው። አንድ ፒስቶን ብቻ ያለው ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 50 ጊዜ፣ በሰዓት 180,000 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ያ ሁሉ በቀጥታ ወደ ሻንሲው ቢሄድ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ብየዳው ነው። መኪና ሠሪዎች ይህ ቀደም ብሎ ገብቷቸዋል፤ የአሜሪካው ፕሊመዝ እ.ኤ.አ. በ1931 ሞተሩን በጎማ ላይ አስቀምጦ «ተንሳፋፊ ኃይል» በሚል ስም ለገበያ አቅርቧል። በሞተር ሳይክል ዓለም ታዋቂው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1967 የታየው የእንግሊዙ ኖርተን ኮማንዶ ነው። እዚያ ሞተሩ፣ የማርሽ ሳጥኑና የኋላው ክንድ አንድ ላይ ታስረው ከሻንሲው በጎማ ተለዩ። ነጂው ከንዝረት ተገላገለ፤ በምትኩ ግን የሚሊሜትር ሩብ ያህል የሆነች የጎን ክፍተት በስስ ራንዴላ እየተስተካከለች መጠበቅ ነበረባት። ክፍተቷ ስትሰፋ ያ ምቹ ሞተር ሳይክል ኩርባ ላይ እንደ ሰካራም ይሄዳል። ጎማ ምቾት ሲሰጥ በለውጡ የሚፈልገው ክትትል አለ፤ ክትትሉ ግን ግራሶ መሙላት ሳይሆን መመርመር ነው።

የስሙ ነገር ጥቂት ክርክር ያስነሳል። ሳይለንት ብሎክ መነሻው የአንድ የፈረንሳይ አምራች የንግድ ምልክት ነው፣ እንደ ብዙ የንግድ ምልክቶች ሁሉ የእቃው ስም ሆኖ ቀረ። ቃል በቃል «ጸጥተኛ» ብሎ መተርጎም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ጸጥታው የሚጠቅመው ተሳፋሪውን ነው፣ እቃውን በእጁ ለያዘው ሰው ምንም አይነግረውም። «አዘል» እንደ ምክር አዘል ሁሉ በውስጡ የያዘ ማለት ነው፤ ጎማ አዘል ሲባል ከውጭ ብረት ብቻ ሆኖ የሚታየው ነገር በሆዱ ምን እንዳለ ይታወቃል። መካኒክ በእጁ እንጂ በስም አይሠራም የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ የሠለጠነ እጅ ስም አይቸግረውም። ነገር ግን አንድ ባለባጃጅ ልጁን ወይም ረዳቱን «ቦኮላውን ግራሶ አድርገው» ብሎ ሲልክ የሚሄደው ቃሉ ብቻ ነው፤ ተቀባዩ የሚታዘዘውም ቃሉን ነው።

አሁን ወደ ፎገራ ሜዳ እንምጣ። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልትና ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ ዙሪያዋ የሩዝ ማሳ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ክረምት ላይ ከአፋቸው ወጥተው ሜዳውን ያለብሱታል፣ አፈሩም ዋልካ ነው፤ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደየቀበሌው፣ ወይም ከማዶ በደራ በኩል ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ የሚያቀና ሞተር ሳይክል ከሐምሌ እስከ መስከረም ጭቃ ሳይነካው አይመለስም። ጭቃው በክንዱና በሻንሲው መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ይጠቀጠቃል። ውሃው በቡሎኑና በውስጠኛው ቱቦ መካከል ይገባና ሁለቱን በዝገት ያጣብቃቸዋል። በጋ ሲመጣ ደግሞ ፀሐይና ደረቅ አየር የጎማውን ጠርዝ ያሰነጥቃሉ። በመኸር ጊዜ ሁለት ኩንታል ሩዝ የተጫነበት ባጃጅ ሲታከልበት እቃው ከታሰበለት በላይ እንደሚሠራ ግልጽ ነው። ስለዚህ ለአስፋልት የተጻፈው የፋብሪካ የምርመራ ጊዜ እዚህ ቢያጥር እንጂ ሊረዝም አይገባም፤ ክረምቱ እንዳለፈ ጥቅምት ላይ አንድ ጊዜ በደንብ ማየት ለዚህ ሜዳ የሚስማማ ልማድ ነው።

ጎማውን ከጭቃው ይልቅ የሚገድለው ግን አብዛኛውን ጊዜ እንክብካቤ ተብሎ የሚደረግለት ነገር ነው። እነዚህ እቃዎች በብዛት የሚሠሩት ከተፈጥሮ ጎማ ነው፤ መጠምዘዝና መቀደድን በመቋቋም ብዙ ሰው ሠራሽ ጎማዎች አይደርሱበትም። ድክመቱ ዘይት ነው። ግራሶ፣ የሞተር ዘይት፣ ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚን፣ ሁሉም ወደ ውስጡ ሰርገው ያሳብጡታል፣ ያለሰልሱታል፣ በመጨረሻም ከብረቱ ያላቅቁታል። ሞተሩን ከጭቃ ለማጽዳት በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ የሚያጥብ ሰው ብረቱን እያሳመረ ሱፖርቶውን እያበላሸ ነው። ሳሙናና ውሃ ይበቃል። እንግዲህ ዘይት የማይጎዳውን ጎማ ፋብሪካዎች ለምን አይጠቀሙም የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ዘይት የሚችሉት ጎማዎች በተደጋጋሚ መጠምዘዝ ላይ የተፈጥሮውን ያህል ስለማይጸኑ ነው።

እዚህ ላይ የመካኒኮች ጠንካራ ተቃውሞ አለ፣ ሊናቅም አይገባም። ግራሶ ካልነካው ረጅሙ ቡሎን ይዝጋል፣ ከዛገ በኋላ በመዶሻም አይወጣም፣ ሲደበደብ ጥርሱ ይበላሻል ወይም ክንዱ ይጣመማል ይላሉ። እውነት ነው፤ በዚህ አካባቢ ከጎማው መበጠስ ይልቅ የቡሎኑ መያዝ ሳያስቸግር አይቀርም። መልሱ ግን ግራሶውን ቦታ ማስያዝ ነው። ቡሎኑ ሲወጣ በብረት ብሩሽ ይጠረግ፣ በቱቦው ውስጥ የሚያልፈው አካሉ ብቻ በስሱ ይቀባ፣ ጥርሱ ንጹሕ ይሁን፣ ጫፍ ላይ የተረፈው ግራሶ ጎማው ላይ ሳይደርስ በጨርቅ ይጠረግ። ይህ ዝገትን ይከላከላል፣ ጎማውንም አይነካም። የግራሶ ማስገቢያ ጫፍ የተገጠመለት ክንድ ካጋጠመ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱ የሚንሸራተት ቦኮላ ወይም ኩሽኔታ ያለበት ነው፣ ግራሶውም ሊከለከል አይገባም። የአንዱን ሕግ ለሌላው መስጠት በሁለቱም አቅጣጫ ያጠፋል።

ሌላው የተለመደ ስህተት አጠባበቁ ላይ ነው። ሥራው የሚሠራው ሞተር ሳይክሉ በመሃል ማቆሚያው ቆሞ፣ የኋላ ጎማው ተንጠልጥሎ ስለሆነ ዳዶውም በዚያው ይጠብቃል። ውስጠኛው ቱቦ የሚያዘው ያኔ ነው፣ የቦኮላው ጎማም ያንን የተንጠለጠለ አቋም የዕረፍቱ ቦታ አድርጎ ይይዛል። ሞተር ሳይክሉ ወደ መሬት ወርዶ ሰው ሲቀመጥበት ክንዱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጎማው ገና ጉዞ ሳይጀምር ተጠምዝዟል ማለት ነው። ጉድጓድ ሲገባ ከዚያም በላይ ይጠመዘዛል። አዲስ እቃ በገባ በጥቂት ወራት ሲቀደድ ሻጩ ፎርጅድ ሰጠኝ ይባላል። ፎርጅድ መለዋወጫ በገበያው መኖሩ አይካድም፤ ግን ከመፍረዱ በፊት ዳዶው በምን ሁኔታ እንደጠበቀ መጠየቅ ተገቢ ነው። ትክክሉ ዳዶውን መጀመሪያ በእጅ ማስያዝ፣ ተሽከርካሪውን በጎማዎቹ ማቆም፣ ክብደት እንዲያርፍበት ማድረግ፣ ከዚያ ማጥበቅ ነው። ከዚህ በላይ የሚጠቅም፣ ከዚህም በታች ወጪ ያለው ጥገና የለም።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የኋላ ጎማውን ከመሬት አንስቶ ክንዱን ራሱን፣ ጫፉ አካባቢ ጨብጦ ግራና ቀኝ መግፋት ነው። ክንዱን ትቶ የጎማውን ቸርኬ መነቅነቅ ያሳስታል፤ የጎማው ኩሽኔታ አልቆ ከሆነ ቸርኬው ይነቃነቃልና ያላለቀው ቦኮላ ይወነጀላል። ቀጭ የሚል ድምፅ ወይም በዓይን የሚታይ መንሸራተት ካለ መገጣጠሚያው ይፈታ። አሞርዛተሩ በታች በኩል ከተፈታ ደግሞ የበለጠ ይናገራል፤ ጤነኛ ጎማ አዘል ቦኮላ ያለው ክንድ ከፍና ዝቅ ሲያደርጉት መልሶ ይገፋል፣ ምንም ሳይገፋ እንዲሁ የሚንከላወስ ከሆነ ጎማው ተላቋል። በባትሪ ብርሃን ጠጋ ብሎ ሲታይ ውስጠኛው ቱቦ ከመሃል ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ሊገኝ ይችላል። በዳሩ ላይ ደቃቅ ቀይ ዱቄት ከታየ ብረት በብረት ላይ እየተፋጨ ነው። ካቴናው የጥርሱን አንድ ጎን ብቻ እያበራ ከበላውም ጥርጣሬው ወደ ክንዱ ይሂድ። ለሞተሩ ሱፖርቶ ምልክቶቹ ሌሎች ናቸው፦ ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ ከልክ በላይ መዝለሉ፣ ማርሚታው አንገቱ ላይ ደጋግሞ መሰንጠቁ፣ የሱፖርቶ ቡሎን እየላላ ማስቸገሩ። ማርሚታን በየወሩ የሚያስበይድ ባለባጃጅ ገንዘቡን በተሳሳተ ቦታ እያፈሰሰ ነው።

ያለቀውን ጎማ አዘል ቦኮላ በቶርኖ በተሠራ ነሐስ ወይም ፕላስቲክ ስለመተካት ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጣል። ለክንዱ የሚቻል ነገር ነው፤ ብዙ ሞተር ሳይክሎች ከፋብሪካም በሚንሸራተት ቦኮላ ይወጣሉ። ሆኖም የሚንሸራተተው ቦኮላ ለስላሳ የብረት ቱቦ፣ የግራሶ መግቢያና ጭቃ የሚከለክል ቀለበት በዳሩ ላይ ይፈልጋል። ሦስቱ ከሌሉ የዋልካው ጭቃ ከግራሶው ጋር ተለውሶ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ለሞተር ሱፖርቶ ግን ብረት መተኪያ አይሆንም፤ ከአሮጌ ጎማ ተቆርጦ የሚጠቀጠቅ ቁራጭም ቢሆን ከብረቱ ጋር ስላልተጣበቀ ለጊዜው ከመንገድ ያወጣ እንደሆነ እንጂ አይዘልቅም። አሮጌውን ቦኮላ በእሳት አቃጥሎ ማውጣትም ይቅር፤ ጢሱ መርዛማ ነው፣ ሙቀቱም ለክንዱ ብየዳ አይበጅም። በሞርሳና በትክክለኛ ልክ ቱቦ መግፋት ያወጣዋል፣ አዲሱም በሳሙና ውሃ ረጥቦ በዚያው መንገድ ይገባል።

ባለባጃጆችና ባለሞተሮች፣ ጋራዥ ስትሄዱ የኋላውን ክንድ «ቦኮላ» ብላችሁ ብቻ አታስረክቡ። ጎማ አዘል መሆን አለመሆኑን ጠይቁ፤ ጎማ አዘል ከሆነም ዳዶው የሚጠብቀው ማቆሚያው ተነስቶ፣ እናንተ ላዩ ላይ ተቀምጣችሁበት ይሁን።