ገንዳውን መሃል ያደረገ ቤት

ሬሆቮት የሚገኘው የቫይዝማን የሳይንስ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ፣ ከኮረብታው ላይ፣ አንድ ነጭ ቤት አለ። የኬሚስትሪ ሊቁና የእስራኤል የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሓይም ቫይዝማን፣ የሕፃናት ሐኪም ከነበሩት ባለቤታቸው ከቬራ ጋር የኖሩበት ነው። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከጀርመን የተሰደደው አርክቴክት ኤሪክ ሜንደልሶን ነድፎት ከ1936 እስከ 1937 (እ.ኤ.አ.) ተገነባ።

ስለዚህ ቤት ሲወራ አስቀድሞ የሚነሳው ክቡ የደረጃ ማማ ነው። ትልቁ ብልሃት ግን የመዋኛ ገንዳው ነው። ሜንደልሶን ገንዳውን ከጓሮ አልጣለውም፤ ውስጠኛው ግቢ ላይ አኑሮ ቤቱን በዙሪያው ሠራ። ግድግዳው ከነፋስም ከመንገደኛ ዓይንም ይከልለዋል። ዛሬ ለቤቱ የስፓ ገንዳ የሚገዛ ሰው ስለ ሞተሩ ጉልበት ከመጠየቁ በፊት ይህን አቀማመጥ ቢያጤን ይጠቀማል፤ ቅርብና ከለላ ያለው ውሃ ዘወትር ይገባበታል፣ ከጓሮ ዳር የተጣለው ግን ቶሎ ይረሳል።

የቫይዝማኖች ገንዳ ለዋና ነበር። ሞቆ የሚፍለቀለቀውን ያመጣው የአባት ጭንቀት ነው። ከጣሊያን ወደ ካሊፎርኒያ የተሻገሩት የጃኩዚ ወንድማማቾች የአውሮፕላን ፕሮፔለር፣ ኋላም የውሃ ፓምፕ ይሠሩ ነበር። የካንዲዶ ጃኩዚ ልጅ ገና በሕፃንነቱ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ያዘው። የሆስፒታሉ የውሃ ሕክምና ልጁን ሲያሳርፈው ያየው አባት፣ ቤት ባለው መታጠቢያ ውስጥ የሚገባ ፓምፕ ሠራ። በ1968 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ሮይ ጃኩዚ ፓምፑንና ገንዳውን አንድ አድርጎ ለገበያ አወጣ።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው እግሩ የሚሸከመው የክብደቱን አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው፤ ጉልበቱ ያርፋል። ሙቀቱ የደም ሥርን ያሰፋል፣ የውሃው ግፊት የተኮማተረ ጡንቻን ያፍታታል። ሙቀቱ ግን ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለፍ የለበትም፤ ነፍሰ ጡርና የልብ ሕመምተኛ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። ውሃው በክሎሪን ወይም በብሮሚን ካልታከመም የሳንባ በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ይራባበታል።

የሙቅ ውሃ ፈውስ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃው አጠገብ ቤት ማሠራታቸው ለአዲስ አበባ መነሻ ሆኗል። የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) መንደሮችም ከወንዝ አይርቁም ነበር፤ ሰንበት ሳይገባ ገላን መታጠብ፣ በወር አበባዋ ጊዜ ከተለየችበት የመርገም ጎጆ የወጣች ሴትም በወራጅ ውሃ መጥለቅ ግድ ነበር።

ዛሬ በሬሆቮቷ ቂርያት ሞሼ ሰፈር ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ ቤታቸው በአብዛኛው የሕንፃ አፓርታማ ስለሆነ ለስፓ ገንዳ የሚተርፍ ግቢ የለውም። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አዛውንቶች የሚያስፈልገው በእግር የሚደረስበት፣ ዋጋው የማይከብድ የሰፈር ሙቅ ገንዳ ነው። የከተማ በጀት ሲዘጋጅ ይህም ከጤና ወጪ ሊቆጠር ይገባል።