መስቃን፦ ከተራራው እስከ ቆላው

ከአዲስ አበባ በዓለም ገና ወጥቶ፣ ጢያን አልፎ ወደ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ቡታጅራ ይደርሳል፡፡ በስተቀኙ የጉራጌ ተራሮች ከነዘቢዳር ከፍ ብለው ይታዩታል፤ በስተግራው መሬቱ ወደ ዝዋይ ሐይቅ እየወረደ ይሄዳል፡፡ መስቃን በዚህ ተራራና በዚህ ቆላ መካከል ያለ አገር ነው፡፡

አካባቢው የስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ በመሆኑ ከቡታጅራ ወደ ስልጤ የተደረደሩት ኮረብቶች የእሳተ ገሞራ ቅሪቶች ናቸው፡፡ ብዙዎች «የቡታጅራው ሐይቅ» የሚሉት ሐረ ሸይጣንም እንዲሁ በፍንዳታ የተፈጠረ ነው፤ የሚገኘው ግን በስልጤ ዞን ነው፡፡ ከተራሮቹ የሚነሳው የመቂ ወንዝ ዝዋይ ይገባል፡፡ በደጋው እንሰት፣ ዝቅ ሲባል በቆሎና በርበሬ ይበቅላል፤ ጫትም የብዙ ቤተሰብ ገቢ ነው፡፡ በየጉልቱ የሚታወቀው የማረቆ በርበሬ ስሙን ያገኘው ከምሥራቁ ጎረቤት ነው፡፡

የመስቃን ቋንቋ ከምዕራብ ጉራጌ ቋንቋዎች ይመደባል፡፡ በሰሜን ዶቢና ክስታኔ፣ በደቡብ ስልጥኛ ይነገራል፡፡ የማረቆዎቹ ሊቢዶ ግን ከነአካቴው ሴማዊ ሳይሆን ኩሻዊ ነው፡፡ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ሲሆን ኦርቶዶክሶችም አሉ፤ ከአዲስ አበባ ወደ አገር ቤት የሚጎርፈው ሰው መስቀልንም አረፋንም ይዞ ነው፡፡

በጣሊያን ወረራ ዘመን የደቡቡ ጦር የመጨረሻ ውጊያዎች አንዱ ጎጌቲ ላይ ተካሄደ፡፡ ዕለቱ ግራዚያኒ አዲስ አበባ ላይ ቦምብ የተወረወረበት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ነበር፡፡ ከውጊያው ያመለጡት የንጉሠ ነገሥቱ አማች ራስ ደስታ ዳምጠው ከጥቂት ቀናት በኋላ ቡታጅራ አካባቢ ተይዘው ተረሸኑ፡፡ በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራውን ሆስፒታል የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል ማለት አይቻልም፡፡

በ1950ዎቹ ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራ የሚወስደው መንገድ ሲሠራ የአካባቢው ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ከአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ጋር ወጪ ተጋርተዋል፡፡ በ1979 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ ልደትንና ሞትን መመዝገብ ጀመሩ፡፡ ስለ ኢትዮጵያ እናቶችና ሕፃናት ጤና የሚጠቀሱ በርካታ ጥናቶች የተሠሩት በእነዚህ ገበሬዎች ቤት ነው፡፡

ድንበሩ ግን አንድ ቦታ ረግቶ አያውቅም፡፡ በቀድሞው ሸዋ ክፍለ ሀገር አካባቢው የሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ አካል ነበር፤ በኋላ «መስቃንና ማረቆ» የሚባል አንድ ወረዳ ሆነ፡፡ የ1999ኙ ቆጠራ ሲካሄድ ሁለቱ ተለያይተው ነበር፡፡ ጣጣው የመጣው ከዚህ መለያየት ነው፤ ጎን ለጎን የሚያርሱና በአንድ ገበያ የሚገናኙ ሰዎች ቀበሌያቸው የማን እንደሆነ መጠየቅ ጀመሩ፡፡ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የተቀሰቀሰው ግጭት የሰው ሕይወት አጥፍቷል፣ ቤተሰቦችን አፈናቅሏል፤ በተከታዮቹ ዓመታትም አገርሽቷል፡፡ መስቃንም ራሱ ለሁለት ተከፍሎ ምሥራቅ መስቃን የተባለ ወረዳ እንሴኖን መቀመጫው አድርጎ ተቋቁሟል፡፡

የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ማረቆ ልዩ ወረዳ፣ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ሆኑ፡፡ ለዞን ጉዳይ ተራራውን ዞሮ ወልቂጤ ይሄድ የነበረ የመስቃን ገበሬ አሁን ጉዳዩን በገበያው ከተማ ይጨርሳል፡፡