የሸርቆሌ ወርቅና በመስተዋት ውስጥ የሚሸሸገው ወርቅ

አንባቢ ሆይ፤ በሸርቆሌ ወንዞች ዳር ሴቶች አሸዋውን በገበታ እያጠቡ የሚለቅሙት ወርቅ ስንት ሠራዊት እንደ ጠራ ታውቃለህን? በ1812 ዓ.ም. የግብጹ ገዥ መሐመድ ዓሊ ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት፥ አንዱ ምኞቱ የቤኒሻንጉል ወርቅ ነበረ። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን አገሩን በዐፄ ምኒልክ ግዛት ካጠቃለሉ በኋላም፥ ሼክ ሖጀሌ ግብራቸውን በወርቅ ከፍለዋል። ሁሉም ግን የወርቁን ዋጋ የለካው በሚዛን ብቻ ነው።

የሳይንስ ሊቃውንት ሌላ መለኪያ አገኙ። በ1849 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሚካኤል ፋራዴይ ወርቅ እጅግ ሲደቅ ቀይ መልክ እንደሚያሳይ ገለጠ። በዘመናችን ደግሞ የወርቅ አቶሞችን ኤሌክትሪክ አሸክመው፥ አየር በሌለበት ቧንቧ በታላቅ ፍጥነት እያስወነጨፉ ወደ መስተዋት ያስገቧቸዋል። መስተዋቱ ሲግል አቶሞቹ ተሰባስበው፥ ከሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ጥቂት እጥፍ ብቻ የሚሆኑ ቅንጣቶች ይሆናሉ፤ መስተዋቱም ይቀላል። ይህም ብርሃንን ለሚመሩ መሣሪያዎች እንዲያገለግል ይጠናል።

እንግዲህ ወርቁን ቆፍሮ በጥሬው መሸጥ ብቻውን አያከብርም፤ የላቀው ትርፍ የባለ ዕውቀቱ ነው። ስለዚህ የሸርቆሌ ልጅ ከገበታው ጋር መጽሐፉንም ይያዝ።