በእንግዳ ስም የሚጠራው ቤት

ሐረር ጁገል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ተነስቶ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ የሚወርድ እንግዳ፣ የስፌት መኪናው ድምፅ ከጆሮው ሳይጠፋ አንድ ልጅ ከጎኑ ይደርሳል። «አቦ፣ ራምቦ ቤት ላሳይህ?» ሐረር ላይ አንቱታ ብዙ አይሰማም፤ ትንሹም ትልቁም «አንተ» ነው፣ እኔም ይህን ቅርበት እወደዋለሁ። ልጁን ተከትዬ በጠባቡ መንገድ ታጥፌ ገባሁ። ባለ ፎቁ የእንጨት ቤት ባለ ቀለም የመስኮት መስታወቶቹን ደርድሮ፣ ከዝቅተኞቹ የሐረሪ ቤቶች በላይ ቀና ብሎ ቆሟል። ውስጡ ጣሪያው በሥዕል ያጌጠ ነው። ከላይኛው ፎቅ የከተማው ጣሪያዎች ወለል ብለው ይታያሉ።

ቤቱ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው ገጣሚ ከአርተር ራምቦ ነው። ራምቦ ግጥም መጻፍ ካቆመ ከዓመታት በኋላ፣ በ1880 (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) መጨረሻ ላይ የአንድ የኤደን ንግድ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ሐረር ገባ። ቡናና ቆዳ ይገዛ ነበር። ያኔ ከተማዋን የያዙት ግብፆች ነበሩ። በ1883 የፎቶግራፍ መሣሪያ አስመጥቶ ሐረር ላይ ራሱን አነሳ፤ ከእነዚያ ምስሎች ጥቂቶቹ ዛሬም አሉ። ሄዶ እየተመለሰ እስከ 1891 ቆየ። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ጉልበቱ ታሞ መራመድ ሲያቅተው በቃሬዛ ተሸክመው ዘይላ አደረሱት፤ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ በኅዳር በ37 ዓመቱ አረፈ።

ቤቱ ደግሞ የተሠራው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ነው። ራምቦ ኖሮበት ሊሆን አይችልም። ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ይህንንም አስጎብኚዎች ራሳቸው ይናገራሉ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናግረው ወደ ገጣሚው ይመለሳሉ እንጂ። «አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ።» ገንዘቡን አውጥቶ፣ አናጢ ቀጥሮ፣ ለዚህ ሁሉ ዘመን የሚቆም ቤት የተከለ ሰው የቀረለት ይህ ነው። እኔን የከነከነኝም ይኸው ነው።

የሰውየው ስም ከሰው አፍ ቢጠፋም ቤቱ ራሱ ይመሰክራል። ለማንበብ አጠገቡ ካለው የሐረሪ ቤት ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። የሐረሪ ቤት ፊቱን ወደ ውስጥ ያዞረ ነው። ከመንገድ የሚታየው ግንብና በር ብቻ ነው፤ በሩን አልፈው ግቢውን ተሻግረው ነው ወደ ዋናው ክፍል የሚገባው። እዚያ ከፍና ዝቅ ብለው የተደረደሩት አምስቱ ነደባዎች (የመቀመጫ መደቦች) ማን የት እንደሚቀመጥ ይወስናሉ። ወለሉን የሚቀባው ቀይ አፈር በ1887 በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይላሉ ሐረሪዎች። የነጋዴው ቤት ግን ፊቱን ወደ ውጭ አዙሯል። በሰገነቱና በመስኮቱ መንገዱን ያያል፣ በመንገደኛውም ይታያል። ሸቀጥ ላለው ሰው መታየት ሥራው ነው፤ ቤቱን እንደ ደንበኛው ዓይን አስቦ ነው ያሠራው።

እሱ ብቻም አልነበረም። ምኒልክ ሐረርን በ1887 ከያዙ በኋላ፣ በራስ መኮንን የአስተዳደር ዘመን፣ ከባሕር ማዶ ዕቃ የሚያመጡ ሕንዶች በከተማዋ እየበረከቱ ሄዱ። ፎቅና የእንጨት ሰገነት ያለውን አሠራርም ይዘው የመጡት እነሱ ናቸው። ዩኔስኮ በ2006 ጁገልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ «የሕንድ ቤት» የሚባለውን ከባህላዊው የሐረሪ ቤት ለይቶ አንድ ዓይነት አድርጎ ቆጥሮታል፤ ሁለቱን ያዳቀለ ሦስተኛም አለ። ይህ ሦስተኛው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ጎረቤት የጎረቤቱን ሰገነት አይቶ ወድዶ በራሱ ቤት ላይ እንደቀጠለው ያሳያል።

ታዲያ እንዲህ ከተማ ያስጌጡ ሰዎች ስማቸው እንዴት ጠፋ? በ1902 ባቡሩ ከጅቡቲ ድሬዳዋ ሲደርስ የሐረር የቅፍለት ንግድ ወደ ሐዲዱ ተሳበ። ነጋዴ የሚኖረው ንግዱ ካለበት ነውና ብዙው ተከትሎ ወረደ። ቀጥሎ ጣልያን መጣ። በአገሪቱ ትልቁ የሕንዶች ንግድ ቤት የነበረው መሐመድአሊ በ1937 ተባረረ። ሰው ሲሄድ የሒሳብ መዝገቡም፣ የውል ወረቀቱም፣ የቤቱን ታሪክ ለልጅ ልጅ የሚነግር አያትም አብሮ ይሄዳል። በኋላም አዋጅ ቁጥር 47/1967 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) በየከተማው ትርፍ ቤትን ሲወርስ፣ «የእገሌ ቤት» ይባል ከነበረው ብዙው «የቀበሌ ቤት» ሆነ። የአንድ አሮጌ የከተማ ቤት ባለቤት ማን እንደነበር የሚፈልግ ሰው የሚወላከፈው በእነዚህ ሁሉ ላይ ነው።

የራምቦ ስም ቤቱን እንደጠቀመው አልክድም። በስሙ ታድሶ ሙዚየም ሆነ፤ የድሮ ሐረር ፎቶግራፎች ተሰቅለውበታል። ስሙ ባይኖር ጣሪያው ዘምሞ፣ እንጨቱ ለማገዶ ሄዶ ይሆን ነበር። ግን እንግዳውን ለማክበር ባለቤቱን ማስረሳት ግዴታ አልነበረም። በሩ ላይ ሁለት መስመር ቢጨመር ይበቃል፦ ማን እንደሠራው፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን ይነግድ እንደነበር። መዝገብ ማገላበጥ የሚችሉ ወጣቶች ሐረር ላይ አሉ፤ የነጋዴዎቹ ዘሮችም በሕይወት ያሉ ይመስለኛል።

ከዚያ ወጥቼ ወደ ሁለተኛው የእንግዳ ስም ተሸካሚ ቤት ሄድኩ፤ ሩቅ አይደለም። «የራስ ተፈሪ ቤት» ይባላል፣ ተፈሪ መኮንን በ1911 ከወይዘሮ መነን ጋር ተጋብተው የጫጉላ ጊዜያቸውን ስላሳለፉበት። እሱንም ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ዛሬ የሼሪፍ ሙዚየም ነው። ጎብኚው ወደ ብራናዎቹና ወደ ሳንቲሞቹ እየተጣደፈ ይገባል። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ከመግቢያው በላይ የዝሆን ራስ ያለው ጋኔሽ ተቀርጿል፤ የሂንዱ ነጋዴ ሥራ ሲጀምር ስሙን የሚያስቀድመው አምላክ። ስለዚህ ይህኛው ባለቤት እንደነ መሐመድአሊ ሙስሊም አልነበረም፤ ሂንዱ ነበር። በመስጊዶቿ በምትታወቅ ከተማ መሐል የራሱን እምነት በሩ ላይ አስቀርጾ ኖሯል፤ ቅርጹንም ማንም አልፋቀበትም።